ስሙ ያው፣ ውስጡ ሌላ፦ ስለ ራምና ስለ ኦሲዜድ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የማስታወሻ ቺፕ አምራቹ ማይክሮን «ክሩሻል» በሚለው ስም ለተራው ተጠቃሚ ራም (ኮምፒውተር በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) መሸጥ እንደሚያቆም ካስታወቀ ወዲህ ስለ ራም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በዝተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት ከራም ገበያ የወጣውን ኦሲዜድ የተባለ ኩባንያ የሚያነሡ በመሆናቸው ዛሬ በአንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲመጣ ይዞት በመጣው ኮምፒውተር ውስጥ «ኦሲዜድ» የሚል ራም አለ። ሌላ ልጨምርበት ፈልጌ ብዙ ሱቅ ብጠይቅም በዚህ ስም የሚሸጥ አጣሁ። ኩባንያው ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ኦሲዜድ መቀመጫውን በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ ያደረገ ኩባንያ ነበር። ኮምፒውተራቸውን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ስሙን ያተረፈውም በራም ነው። የወንድምዎ ራም የተሸፈነበት ብረት እንደ ሰፈፍ በቀዳዳ የተሞላ ከሆነ፣ ያ ከኩባንያው የታወቁ ንድፎች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ኦሲዜድ የራም ቺፕ አምርቶ አያውቅም። ቺፑን የሚያመርቱት በጣት የሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ የዓለምን ምርት አብዛኛውን የያዙት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። እንደ ኦሲዜድ ያሉት ኩባንያዎች ቺፑን ገዝተው፣ ፈትነው፣ ፈጣኑን ከዘገምተኛው ለይተውና በሰሌዳ ላይ አስበይደው በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። የዚህ ሥራ ትርፍ ቀጭን ነው፤ የቺፕ ዋጋ በድንገት ሲወርድ ደግሞ ትናንት በውድ ተገዝቶ መጋዘን የገባው ዕቃ ዛሬ በኪሳራ ይሸጣል። በ2010 ሁለተኛ አጋማሽ ዲዲአር3 የተባለው የራም ትውልድ ዋጋ ክፉኛ ወረደ። ኩባንያው በጃንዋሪ 2011 የቀሩትን የራም ምርቶቹን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ እንደሚያቋርጥ ሲያስታውቅ፣ ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚያስገባለት ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ ፋይል በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዕቃ) ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ያንኑ ስም ፍለጋ አይድከሙ። የራሙን ዓይነት፣ መጠንና ቮልት ከተለጣፊው ላይ አንብበው፣ ከአሮጌው ጋር ከማዳበል ይልቅ ከሌላ ሠሪ የመጡ ሁለት ተመሳሳይ ራሞች ቢገዙ ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ ኦሲዜድ ከራም ገበያ የወጣው የዕቃው ጥራት ስለወረደ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ እንዲያ አይደለም። ከራም ያስወጣው ዋጋው ነው፤ በጥራት ስሙ ክፉኛ የጠፋው ከዚያ ወዲህ፣ ሙሉ በሙሉ በኤስኤስዲ ላይ ከተደገፈ በኋላ ነው። ነገሩ ለገዢ ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት።

በዚያን ጊዜ ኩባንያው ቨርቴክስ 2 የሚባል፣ ብዙዎች ያመሰገኑት ኤስኤስዲ ነበረው። በ2011 መጀመሪያ ላይ በዚሁ ስምና በዚሁ ካርቶን የተሸጠውን የገዙ ሰዎች ዕቃው ከቀድሞው የዘገየና መጠኑም ያነሰ መሆኑን ደረሱበት። 60 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው ወደ 55 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በውስጡ ያለው ቺፕ በ34 ናኖሜትር ከሚሠራው ወደ 25 ናኖሜትሩ መቀየሩ ነበር፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ የቺፑ ክፍሎች ይደቅቃሉ፣ በአንድ ቺፕም ብዙ መረጃ ይገባል። የቀድሞው ቺፕ እያንዳንዱ 4 ጊጋባይት ይይዝ ስለነበር 16 ቺፕ ያስፈልግ ነበር፤ አዲሱ 8 ጊጋባይት ስለሚይዝ 8 ብቻ በቃ። ኤስኤስዲ ፈጣን የሚሆነው ሥራውን ለቺፖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያከፋፍል ነው። አሥራ ስድስት ሰው የወጣበት ደቦና ስምንት ሰው የወጣበት ደቦ አንዱን ማሳ እኩል እንደማይጨርሱት ሁሉ፣ ቺፑ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱም ቀነሰ። በዚያ ላይ የኤስኤስዲውን ቺፖች የሚያስተዳድረው መቆጣጠሪያ ለመጠባበቂያ የአንድ ቺፕ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ያ ቦታ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ሲያድግ፣ ጭማሪው ከገዢው ድርሻ ላይ ተነሣ።

ወደ 25 ናኖሜትር መሻገሩ በራሱ ነውር አልነበረም፤ ዘርፉ በሙሉ ወደዚያው እየሄደ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስቆጨኝ ስሙ አለመቀየሩ ነው። ሰው በተነበበ ግምገማና በወዳጅ ምክር ተማምኖ ገንዘቡን ሲያወጣ፣ የተመሰገነው አንድ ዕቃ ሆኖ በእጁ የገባው ግን ሌላ ነበር። ቅሬታው ከበረታ በኋላ ኩባንያው ለተጎዱት ገዢዎች ቅያሬ ማቅረቡን ላስታውስ፤ ይህ መልካም ነበር፣ ነገር ግን ከቅሬታ በኋላ የመጣ ነው።

ቀጥለው የወጡት ፔትሮልና ኦክቴን የተባሉት የኤስኤስዲ ሞዴሎች ነገሩን አባባሱት። በፈረንሳይ ከአንድ ትልቅ ቸርቻሪ የመመለሻ መዝገብ ተወስዶ በታተመ መረጃ መሠረት፣ ከእነዚህ ሞዴሎች አንዳንዶቹ ከተሸጡት መካከል ከ40 በመቶ በላይ ተበላሽተው ተመልሰዋል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በሴፕቴምበር 2012 ሥራቸውን ለቀቁ፤ በዲሴምበር 2013 ኩባንያው የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ በጃንዋሪ 2014 ቶሺባ የኤስኤስዲ ንብረቱን በ35 ሚሊዮን ዶላር ገዛ።

ጥያቄ፦ የኔ ራም ማሸጊያ ላይ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ይላል። አሁን ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ የሚጠይቁት ሰው የለም። እንዲህ ያለ ዋስትና የሚቆየው ቃሉን የሰጠው ድርጅት እስካለ ድረስ ነው፤ ቶሺባ የገዛው ደግሞ የኤስኤስዲውን ሥራ እንጂ የራሙን አልነበረም። ወደፊት ሲገዙ ከዓመቱ ብዛት ይልቅ ዕቃው ቢበላሽ እርስዎ ባሉበት ከተማ ተቀብሎ የሚቀይርልዎ ሻጭ መኖሩን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ዲዲአር2 ራም ያለው ኮምፒውተሬ በሥራ መካከል ቀጥ ይላል። የሠፈራችን ጠጋኝ ራሙ ሞቷል፣ ጣለው አለኝ። ልጣለው?

መልስ፦ ሳይፈትኑ አይጣሉት። ባለፈው ክረምት ጽሑፍ በመተየብ የምትተዳደር ዘመዴ ያስቀመጠቻቸው ፋይሎች እየተበላሹ ሲያስቸግሯት ኮምፒውተሯን ከፈትኩት። ከሁለቱ ራሞች አንዱን አውጥቼ ወርቅማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ስጠርግ፣ ላጲሱ ላይ ጥቁር ዝገት ቀረ። መልሼ ሰክቼ፣ ሜምቴስት86 የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ አስነሥቼ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ስመለስ በማያው ላይ አንድም ቀይ መስመር አልነበረም። ሁለተኛውን ለብቻው ስፈትን ግን ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀይ መስመሮች ተደረደሩ። ስለዚህ ሊጣል የሚገባው አንዱ ብቻ ነበር። ራሞቹን አንድ በአንድ መፈተን ያለብዎትም ለዚህ ነው። በዚህ ፈተና አንድ ስህተት ከታየ ብዙ ነው፤ አንድ ፊደል የሳተ ራም ነገ የሒሳብ መዝገብዎን ይስታልና።

ከመፈተንዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። የዲዲአር2 መደበኛ ቮልት 1.8 ነው፤ ለፍጥነት ተብለው የተሸጡት ራሞች ግን፣ የኦሲዜድንም ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ 2.1 ቮልት አካባቢ የሚፈልጉ ናቸው። ማዘርቦርዱ (ራሙ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ፍጥነቱን ተቀብሎ ቮልቱን በ1.8 ከተወው ጤነኛው ራም እንደ በሽተኛ ይሆናል። በተለጣፊው ላይ ያለውን ቁጥር በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ቮልቱን ለመጨመር ካመነቱ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከራም ገበያ መውጣት የውድቀት ምልክት አይደለም? ክሩሻልስ ነገ እንደ ኦሲዜድ አይሆንም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ኢንቴል በ1968 ሲቋቋም የተነሣው ለማስታወሻ ቺፕ ነበር። በ1980 ሂውሌት ፓካርድ የጃፓኖቹ ቺፖች ብልሽት ከአሜሪካኖቹ እጅግ ያነሰ መሆኑን በይፋ ተናገረ፤ ኢንቴልም በ1985 ለራም ከሚውለው የዲራም ቺፕ ሥራ ወጣ። ከኢንቴል መሪዎች አንዱ አንድሪው ግሮቭ ሌላውን መሪ ጎርደን ሙርን «እኛ ተባረን አዲስ ኃላፊ ቢመጣ ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ እንደጠየቀውና ሙርም «ከማስታወሻ ሥራ ያስወጣን ነበር» ብሎ እንደመለሰለት ግሮቭ ራሱ ተርኳል። ፕሮሰሰር ላይ አተኩረው ኩባንያውን ያሳደጉት ከዚያ በኋላ ነው።

የክሩሻልም ነገር ከኦሲዜድ ይለያል። ማይክሮን ቺፑን ራሱ የሚያመርት ነው። በዲሴምበር 2025 ለክሩሻል የማከፋፈል ሥራው እስከ ፌብሩዋሪ 2026 መጨረሻ ብቻ እንደሚቀጥል ሲያስታውቅ፣ የሰጠው ምክንያት የሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ፍላጎት ነው፤ የተሸጡትን ዕቃዎች ዋስትና እንደሚያከብርም ተናግሯል። 29 ዓመት የቆየ ታማኝ ስም ሲዘጋ ለአንድ ላፕቶፕ አንድ ራም የሚገዛው ሰው ወደ ኋላ መገፋቱ ግን ያሳዝነኛል። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተን ራም እየጨመርን የምንጠቀም ሰዎች ጭነቱ ይሰማናል። አሁን ላፕቶፕ የምትገዙ ራሙ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የተበየደ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው የሚበቃችሁን መጠን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የኦሲዜድ ፔትሮል ኤስኤስዲ በጣም በርካሽ አገኘሁ። የልጆቼን ፎቶ ላስቀምጥበት?

መልስ፦ አይሆንም። በርካሽ ቢያገኙትም ለፎቶ አይሆንም። ገዝተውት ከሆነ ቢጠፋ የማይቆጭዎትን ነገር ያኑሩበት፤ የልጆችዎን ፎቶ ግን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ገልብጠው አንዱን ከቤትዎ ውጭ፣ ከእናትዎ ወይም ከእህትዎ ዘንድ ያስቀምጡ።