በበረዶ ወራት የቦል ፓይተን ቤት እርጥበት

ሰላም እህቴ። የልጅሽ ቦል ፓይተን እባብ ቆዳውን በቁርጥራጭ እንደጣለ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ውሃ ብትረጪለትም የሳጥኑ እርጥበት ከ30 በመቶ አላልፍ እንዳለሽ አነበብኩ። እናንተ ሚኒሶታ ናችሁ፤ እኔ ይህንኑ እባብ ለዓመታት ያሳደግኩት ዴንቨር ነው፤ እዚህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። በእኛ ሰው መካከል እባብ የሚያሳድግ ብዙ ስለማይገኝ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

መርጨቱን ተይው። የተረጨ ውሃ የሚያርሰው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ መለኪያውን ለትንሽ ጊዜ ከፍ ያደርገውና በክዳኑ ወንፊት ተንኖ ይወጣል። አምፖሉ ያሞቀው አየር ወደ ላይ ሲሸሽ የክፍሉ ደረቅ አየር ይተካዋል። በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው፣ ድካም ብቻ።

ክፍሉ ራሱ ለምን እንደሚደርቅም ማወቅ ይጠቅምሻል። አየር በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን ይጨምራል፤ ስለዚህ ውስጡ ያለው ውሃ ሳይቀንስ እንኳ መለኪያው ይወርዳል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 50 በመቶ የነበረ አየር 30 ዲግሪ ሲደርስ 28 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የነበረ የውጭ አየር ቤት ገብቶ በሂተር 21 ሲደርስማ ከ10 በመቶ ብዙም አያልፍም። የልጆች አፍንጫ የሚደማው፣ ከንፈር የሚሰነጠቀውም በዚሁ ነው። ከቻልሽ እባቡ ያለበት ክፍል ውስጥ የእርጥበት ማሽን አስገቢ፤ ለልጅሽም ይበጀዋል።

ይህ እባብ የትውልድ ቦታው ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ያለው ምድር ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው ግን አይጦች በቆፈሩት ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ይልቅ እርጥብ ነው። እኛም ማበጀት ያለብን እንዲህ ያለ ቦታ ነው፦ ታቹ እርጥብ፣ ላዩ ደረቅ።

ከስር ያነጠፍሽው ወረቀት ወይም የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ከሆነ ቀይሪው፤ ውሃ አይዝም። የኮኮናት ቃጫ ወይም የሳይፕረስ ቅርፊት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ አንጥፊ። የሴዳርና የጥድ ፍቅፋቂ ሽታቸው መተንፈሻውን ስለሚጎዳ እንዳታስገቢ። ከዚያ በአራቱ ማዕዘን ቀስ እያልሽ ውሃ አፍስሺ፤ ውሃው ከታች ይሰራጫል፣ ላዩ ሳይረጥብ ለቀናት እየተነነ ይቆያል። ሲደርቅ ትጨምሪያለሽ። ላዩ በእጅሽ ሲነካ ከረጠበ በዝቷል ማለት ነው፤ ሆዱን ውሃ ላይ ተኝቶ የሚውል እባብ ቅርፊቱ ይቆስላል፣ ይበሰብሳል። እርጥበት ፈልገን ሳጥኑን ረግረግ ማድረግ ከድርቀቱ የባሰ ጉዳት ነው።

ክዳኑን በተመለከተ፣ ከወንፊቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በአክሪሊክ ሸፍኚ። በአምፖሉ ዙሪያ ግን ክፍት ተይ፤ ለእሳት አደጋም ለአየርም ነው። አየር ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ሻጋታ ይመጣል። ሰፋ ያለ የውሃ ሳህንም ወደ ሞቃቱ ጎን ጠጋ አድርጊለት።

መለኪያሽ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀስት ዓይነት ከሆነ አትመኚው። ዲጂታል ግዢ፤ አንዱን ሞቃቱ ጎን፣ አንዱን ቀዝቃዛው ጎን፣ እባቡ በሚተኛበት ከፍታ አስቀምጪ። ትክክለኛነቱን በወጥ ቤት ጨው ማረጋገጥ ትችያለሽ፦ ጨው በጠርሙስ ክዳን አድርገሽ በጥቂት ውሃ ለውሺው (ሟሙቶ እንዳያልቅ)፣ ከመለኪያው ጋር በሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት ዘግተሽ በክፍል ሙቀት አሳድሪው። ጠዋት 75 በመቶ አካባቢ ማሳየት አለበት። 68 ካለ ሁልጊዜ 7 እየጨመርሽ ታነቢያለሽ። ግብሽ ከ55 እስከ 70 በመቶ ይሁን። (ሌፓርድ ጌኮ የሚባለው እንሽላሊት ያላችሁ ይህን ቁጥር አትውሰዱ፤ እሱ የደረቅ አገር እንስሳ ነው፣ አንድ እርጥብ መደበቂያ ይበቃዋል።)

ዓይኑ ሰማያዊ ዳመና ሲለብስ ቆዳ ሊቀይር ነው። ያን ሰሞን መደበቂያው ውስጥ ውሃው በደንብ የተጨመቀ ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ተክል) አስገቢለት፣ አትነካኪውም።

አሁን ገላው ላይ የቀረውን ቁራጭ በጣት አትላጪው። ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ፎጣ ውስጥ እየተጠበቀ ትንሽ ይንሸራሸር፤ አብዛኛው በራሱ ይለቅቃል። የጭራውን ጫፍ ደህና አድርገሽ እዪ፤ እዚያ የቀረ ቀለበት ደም ያግዳል። ዓይኑ ላይ የቀረ ሽፋን ካለ ግን ፈጽሞ አትንኪው፣ ለእንስሳት ሐኪም ተዪው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ የሚያፏጭ ወይም አፉ ላይ አረፋ ያለው ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን እስክታስተካክዪ አትጠብቂ፤ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ ደውዪ።