ልጁ «ወገቤን» ካለ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ የወጣት ስፖርተኞች ወገብ ላይ ናቸው። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

የ15 ዓመት ልጄ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ነው የሚውለው። ወገቡን ካመመው ሁለት ወር ሆነው። ራጅ ተነስቶ «ደህና ነው» ተባልን። ሰንፎ ይሆን? (እናት፣ ከሳቢያን)

እናቴ፣ በስንፍና አይጠርጥሩት። በዚህ ዕድሜ አጥንት ገና አልጠነከረም። ወደ ኋላ መለጠጥና መጠማዘዝ ሲደጋገም ከአከርካሪው በስተኋላ ያለችው ቀጭን አጥንት ቀስ በቀስ ትሰነጠቃለች። መውደቅም መመታትም አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው አምስተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው የወገብ አከርካሪ ነው። ወደ ኋላ ሲለጠጥ ከባሰበት፣ ሲያርፍ ደግሞ ከተሻለው ይሄን ጠርጥሩ። ጀማሪ ስንጥቅ በራጅ ላይታይ ይችላል፤ ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ግን ሊያሳየው ይችላል። ተመልሳችሁ የአጥንት ሐኪም አማክሩ።

ቮሊቦል ተጫዋች ነኝ፣ 17 ዓመቴ ነው። ስንጥቅ አለሽ ተብያለሁ። ቤተሰቤ ወጌሻ ጋ ሄደሽ ታሺ ይላል። ኦፕራሲዮን ያስፈልገኝ ይሆን? (ከሐረር)

እህቴ፣ አትታሺ። የወለቀ ነገር ስለሌለ የሚመለስም የለም። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው፤ ለወራት ታክመው ሕመሙ እምቢ ሲል ወይም አከርካሪው ወደ ፊት ሲንሸራተት። ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ። አልጋ ላይ ተኚ ማለቴ አይደለም። በእግር መሄድ ትችያለሽ፤ መዝለልና መለጠጥ ግን ይቅር። አንዳንድ ሐኪም የወገብ መደገፊያ ያዛል። ከዚያ የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክር፣ የጭንን የኋላ ጡንቻ የሚያሳሳብ ፊዚዮቴራፒ ይከተላል።

ፈተናው ሕመሙ ሲጠፋ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቀለል ይልሻል፣ ጓደኞችሽም ይጠሩሻል። እባክሽ ያኔ አትመለሺ። ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፤ አጥንቱ ግን ገና ነው። በትዕግሥት ከታከሙት አብዛኞቹ ወደ ስፖርታቸው ይመለሳሉ።

የሰፈር ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። ተከላካዬ ወገቡን ያመዋል። ቅዳሜ ወሳኝ ጨዋታ አለን። ማስታገሻ ተወግቶ ቢገባስ? (ከከዚራ)

በፍጹም! መርፌው ሕመሙን ነው የሚደብቀው፤ ስንጥቅ ካለበት ልጁ ሳይሰማው ያባብሰዋል። ታፋው ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ እግሩ ከከዳው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ልጁ የሚሰማው እርስዎን ነውና «አርፈህ ታከም፣ ቦታህ ይጠብቅሃል» ይበሉት። ቅዳሜ ሌላ ተከላካይ ያሰልፉ።