አፈሩ ለምን አልጎደለም?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት መምህር ደወለልኝ። ሥራ ከጀመረ ገና አንደኛ ዓመቱ ነው። ባዮሎጂ ያስተምራል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ተማሪ የማላውቀውን ነገር ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አለኝ።

«አላውቅም በላ» ልለው ነበር። ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምሬ ይቺን አንዲት ቃል ተማሪ ፊት ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። «ቆይ፣ እጽፍልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ለእሱ የጀመርኩት ደብዳቤ እየረዘመ ሄዶ ለእናንተም ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። 9ኛ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ። ያን ሰዓት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ተማሪ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል። ርዕሱ ፎቶሲንተሲስ ነበር፤ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበት መንገድ። ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቼዋለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲደመር ውሃ፣ ቀስት፣ ከቀስቱ በላይ «የፀሐይ ብርሃን»፣ ከዚያ ግሉኮስና ኦክስጅን። በነጭ ጠመኔ ጽፌ በቢጫ አሰመርኩበት። ኮቴ ላይ የነሰነሰው የጠመኔ ብናኝ ራሱ ያኮራኝ ነበር። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። እኔም ያስተማርኩ መስሎኛል።

ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ብዙ የምትናገር ልጅ አልነበረችም። «ቲቸር፣ ዛፍ ሲያድግ ሥሩ ያለው አፈር ለምን አይጎድልም?» አለች።

መልሱን አላውቀውም ነበር። ከጀርባዬ፣ ሰሌዳው ላይ፣ በገዛ እጄ ተጽፎ በቢጫ ተሰምሮበታል። ግን አላውቀውም። ቀመሩን በቃሌ እወጣዋለሁ እንጂ ምን እያለ እንደሆነ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ይጎድላል እንጂ! ቀስ እያለ ስለሆነ ነው የማይታይሽ» አልኳት።

አልተቀመጠችም። «እኛ ቤት ጣሳ ላይ የተከልኩት አበባ አለ» አለች። «ስተክለው ጣቴን አያክልም ነበር። አሁን እዚህ ይደርሳል።» እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየችን። «አፈሩ ግን እስከ ጣሳው አፍ እንደሞላ ነው። አልጨመርኩበትም።»

እስቲ ልብ በሉ። ልጅቷ መነሻውን አይታለች፣ መድረሻውን አይታለች፣ መሐል ላይ ምንም እንዳልጨመረች ታውቃለች። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ሳይንስ የሠራ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። እኔ የነበረኝ ጠመኔ ነው። «እመቤቴ፣ ፈተና ላይ የሚመጣውን ጠይቂ» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የተኙት ሁሉ ነቁ። ቀልዴ ስለሠራልኝ ደስ አለኝ። ይሄን ስጽፍ አሁንም ፊቴን ይሞቀኛል።

ቁጭ አለች። እስክሪብቶዋን አንስታ ከሰሌዳው መገልበጥ ቀጠለች። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላወጣችም።

በዚህ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ «ተክል ሲያድግ የሚጨምረው ክብደት ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት እንጃ፤ የሷ ነገር ሳላውቀው ሲከነክነኝ ኖሮ ይሆናል። ሳርም የሷ ወረቀት ላይ ደረስኩ። «ከአፈር። አፈሩ ቀስ እያለ ስለሚጎድል አይታይም» ትላለች። የኔው ቃል። በዓይኗ ያየችውን ትታ የኔን ጻፈች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረግኩላት። 2 ከ2።

ከዓመታት በኋላ፣ ሌላ ነገር ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ ቫን ሄልሞንት ከሚባል የ17ኛው መቶ ዘመን ሰው ጋር ተገጣጠምኩ። ይሄ ሰው በምድጃ ያደረቀውን 200 ፓውንድ አፈር፣ ወደ 90 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ከተተ። 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። 5 ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏን ነቅሎ ሲመዝናት 169 ፓውንድ ገባች፤ ወደ 77 ኪሎ። አፈሩን እንደገና አድርቆ መዘነው። የጎደለው ሁለት አውንስ ያህል ነው። 60 ግራም እንኳ አይሞላም።

መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጣሳዋ ነው የታየችኝ።

ቫን ሄልሞንት ራሱ ግን ተሳስቷል። ክብደቱ ሁሉ የመጣው ከውሃው ነው ብሎ ደመደመ። የሥራዎቹ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1648፣ እሱ ከሞተ በኋላ ሲታተም ይሄም አብሮ ወጣ። የሚገርመው «ጋዝ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ጋዝ ለይቶ ስም አውጥቶለታል። ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ማለት ነው። ዛፏ የተመገበችውን ነገር በእጁ ይዞ፣ ስም ሰጥቶ፣ ከዛፏ ጋር አላገናኘውም። ይሄን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ፤ አልዋሽም።

መልሱ አየር ነው። የደረቀ እንጨት በአብዛኛው ካርቦንና ኦክስጅን ነው። ካርቦኑ የመጣው ከአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱም ከአየሩ 0.04 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆን ነው። ውሃውም ድርሻ አለው። ከአፈር የተወሰደው ማዕድን ግን እንጨቱ ነዶ ሲያልቅ በአመድ መልክ የሚቀረው ነው። አንድ ግንድ ነዶ የሚተርፈውን አመድ አስቡት። እፍኝ ምናምን ነው።

ታዲያ ይሄ ለምን አይዋጥልንም? አየር ክብደት ያለው ስለማይመስለን ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶሲንተሲስን በቀመር ጀምሬ አላውቅም። ክፍል እገባና፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ስንት ኪሎ ይሆናል? ግምታችሁን ጻፉ» እላለሁ። ዜሮ የሚሉ አሉ። ግማሽ ኪሎ የሚሉ አሉ። አንድ ጊዜ አንዱ «አምስት» ብሎ ተስቆበታል። ከዚያ በሜትር ይለካሉ። ክፍሉ 8 በ7፣ ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነ 168 ኪዩቢክ ሜትር ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አባዙት። ሁለት መቶ ኪሎ። በዚያች ደቂቃ የሚወርደውን ዝምታ ብትሰሙት ደስ ይላችኋል። ከዚያ በኋላ ዛፍ ከአየር ተሠራ ብትሏቸው አይከራከሯችሁም። ግምቱን መጻፋቸው ግን ግድ ነው። ያልገመተ ተማሪ ምኑም አይደንቀው፤ «እህ» ብሎ ያልፈዋል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ልጄ። «አላውቅም» በል። ግን እዚያ ላይ አታቁም። «አንቺስ ምን ይመስልሻል? ምን አይተሽ ነው የጠየቅሽኝ?» በላት። አንብበህ በማግስቱ ተመለስ። በማግስቱ የማይመለስ «አላውቅም» ከኔ ቀልድ ብዙም አይሻልም።

ደግሞ ጠብቅ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በክፍል ውስጥ የተቀረጹ ድምፆችን እያዳመጠች አንድ ነገር ለክታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው ያሳተመችው። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶች ይረዝማሉ። ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። እኔም ሰዓቴን እያየሁ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ሰከንድ እንዴት እንደሚረዝም ያየ ያውቀዋል! ላብ ያጠምቃል። እኔ ያደግኩት «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ማለት የተሳነኝ እኔው መምህሩ ነበርኩ።

ስለ ላብራቶሪ ብዙ አልልም። ካለህ ተጠቀምበት፣ ከሌለህ ጣሳና ሚዛን ፈልግ። አንድ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት አራት ማይክሮስኮፖች ነበሩን። «እንዳይሰበሩ» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ሲከፈት ሌንሱን ሻጋታ በልቶታል። ማንም ሳይነካቸው ሞቱ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ኮሌጅ የምታስተምሩትንም ያው ዓይነት ተማሪ ነው የሚገጥማችሁ። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩና፣ ከእጅ ከወጣች በኋላ ምን ኃይል እንዳለባት ጠይቁ። የአየሩን ግጭት ካልቆጠርን ወደ ታች የሚስባት ስበት ብቻ ነው። ስንትና ስንት ሒሳብ የሚሠራ ተማሪ ግን «የእጄ ኃይል ገና አላለቀም» ይላችኋል። ኤሪክ ማዙር ሃርቫርድ ፊዚክስ ሲያስተምር የደነገጠው በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ጥያቄ ሰጥቶ፣ ለየብቻ አስመልሶ፣ ከዚያ «ለጎረቤትህ አስረዳው» ማለት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራም አለ። ተማሪው ቁጭ ብሎ ሌክቸር ብቻ ሲሰማ የመውደቅ ዕድሉ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው ይላል።

ተማሪዎችስ? የዛሬ ልጆች አትቀየሙኝ። ቪዲዮ በእጥፍ ፍጥነት እያያችሁ «ገባኝ» ትላላችሁ። የቤት ሥራውን ስልካችሁ ይሠራላችኋል። የገባችሁ የሚመስላችሁ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሲናገር ስለሚያምር ነው። ስልኩን ገልብጡና ባዶ ወረቀት ላይ ሥሉት፤ ያኔ ትለያላችሁ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ አለ። ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን እየፈተኑ ያጠኑት በለጧቸው። የፈተና ዋዜማ ንባብ የሚያታልላችሁ ለዚህ ነው።

ሽምደዳ ጠላቴ ነው። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹን 20 ኤለመንቶች ሸምድዱ። የማባዣ ሠንጠረዡንም፣ አሃዶቹንም። ይጋጫል ትሉኛላችሁ። ይጋጭ። ጭንቅላቱ ውስጥ ምንም የሌለው ሰው ምኑን ከምኑ ያገናኛል? ቫን ሄልሞንት ጋዙን በስሙ እያወቀው እንኳ አልሆነለትም።

ደግሞ ስለ ስልክ የተናገርኩትን ሳስበው፣ እኛም ያኔ ስልክ ሳይኖረን ገልባጮች ነበርን። አስገልባጩ እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። የት እንዳለች አላውቅም። ልጆች ካሏትና ስለ ዛፍ ከጠየቋት የኔን መልስ እንዳትነግራቸው እሰጋለሁ።

አሁን ደብዳቤውን ልልክ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የደወለልኝ ልጅ ተማሪው ምን ብሎ እንደጠየቀው አልጠየቅኩትም። «እጽፍልሃለሁ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ነገ ጠዋት፣ ክፍል ሳይገባ እደውልለታለሁ።