እድር ለምትገቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ስለ ርኅራኄና ስለ ፍትሕ አጥብቃችሁ ስትከራከሩ ደስ ይለኛል። ሥራው ግን ከሰፈራችሁ እድር ይጀምር። ብዙዎቻችሁ እድርን የእናትና የአባት ጉዳይ አድርጋችሁ ትታችሁታል፤ ድንኳን ሲተከል ወንበር ከማቀበል አታልፉም።

መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን ከጸሐፊው ተቀብላችሁ አንብቡ። ስለ መግቢያ ክፍያ፣ ስለ ውዝፍና ስለ ቀሪ ቅጣት (ከቀብር ወይም ከስብሰባ የቀረ አባል ስለሚከፍለው) የሚለውን ፈልጉ። ድኻ ከእድር ውጭ የሚቀረው በእነዚህ ምክንያት ነው።

የ200 አባላት እድር በባንክ ያለው ገንዘብ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ተገምቶ 600,000 ብር ያወጣል እንበል። የአንዱ አባል ድርሻ 3,000 ብር ነው፤ አዲስ ገቢም ይህንኑ ክፈል ይባላል። ነባሮቹ ለዓመታት ያዋጡት ስለሆነ ጥያቄው አግባብ አለው። ችግሩ ባንድ ጊዜ አምጣ መባሉ ነው። የቀን ሠራተኛ ከየት ያመጣል? በ12 ወር ተከፋፍሎ በወር 250 ብር ይክፈል፤ ሳይጨርስ ሐዘን ቢደርስበት ቀሪው ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ይታሰብ። እድሩ ምንም አይጎድልበትም።

ውዝፍ ይብሳል። ደንቡ "ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል" ካለ፣ ሦስት ወር ሳይከፍል የሚቀረው ማን እንደሆነ አስቡ፦ አልጋ የያዘ፣ ጡረታው ያልበቃው፣ ባሏ የሞተባት። ዕድሜ ልኩን የከፈለ ሰው ለቀብሩ ሲቃረብ ስሙ ይፋቃል ማለት ነው። ስለዚህ ከስረዛ በፊት ሁለት አባላት ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲያዩ ደንቡ ያስገድድ። ወርኃዊው መዋጮ 50 ብር ከሆነ፣ እያንዳንዱ 5 ብር ቢጨምር በወር 1,000 ብር ይሰበሰባል፤ የ20 ቤተሰብ መዋጮ ይሸፍናል። የተደገፈውን ሰው የሚያውቁት የእድሩ ዳኛ (ሰብሳቢው)፣ ገንዘብ ያዡና ቤቱን ያዩት ሁለቱ ብቻ ይሁኑ፤ ደረሰኙም እንደማንኛውም አባል በስሙ ይቆረጥ። የባለውዝፍ ስም በስብሰባ ላይ የማንበብ ልማድ ግን ቢቀር ደስ ይለኛል። ሰው ያን ቀን ላለመስማት ብሎ ከእድሩ ይጠፋል።

የቀሪ ቅጣት ቀላል ይመስላል፤ ሌሊት ተረኛ የሆነ ጥበቃን ወይም በሰው ቤት የምትሠራ ልጅን ግን ያለ ጥፋታቸው ይቀጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ አባል በሌላ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ይሰጠው፣ ለምሳሌ ድንኳን ማንሣት።

ስለ ድንኳን ካነሣን፣ ይህ ለእናንተ ጉልበት የሚመች ሥራ ነው። ዝናብ የመታውን ሸራ ጠቅልላችሁ መጋዘን አታስገቡ፤ ይሻግታል፣ ስፌቱ ይበሰብሳል፣ አዲስ መግዣው ደግሞ ከዚያው ከድኻው መዋጮ ይወጣል። ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ካስማውን፣ ገመዱንና ምሰሶውን በወጣበት ቁጥር ቆጥራችሁ አስረክቡ።

እምነት የሚገኘው እንዲህ ነው። ስድስት ወር ያህል ንብረት ቆጥሮ ያስረከበ፣ ጸሐፊውን ደረሰኝ በማመሳከር ያገዘ ወጣት ስለ ደንብ ሲናገር ሽማግሌዎቹ ይሰሙታል። ያኔም ቢሆን ማሻሻያውን በጽሑፍ አድርጋችሁ ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት ለጸሐፊው ስጡ። "ሌላ ጉዳይ" ተብሎ መጨረሻ ላይ የተነሣ ነገር ሁሉም ወደ ቤቱ ሲቸኩል ይወድቃል። ከወደቀም ስንት ድጋፍ፣ ስንት ተቃውሞ እንደነበረ በቃለ ጉባኤው አስመዝግቡና ለሚቀጥለው ጉባኤ መልሳችሁ አቅርቡት።