ሪሲድ ወይስ ሲሲድ?

ጥያቄ፦ ዜና ስተረጉም ሪሲድ እና ሲሲድ የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ግሦች ይምታቱብኛል። ሁለቱም «መራቅ፣ መሸሽ» ይመስላሉ። አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ግንዳቸው «መሄድ» የሚል አንድ የላቲን ግሥ ነው፤ የሚለያቸው ፊታቸው ላይ የተቀጠለው ነው። «ሪ» ወደ ኋላ፣ «ሲ» ደግሞ ለብቻ፣ ተነጥሎ ማለት ነው።

ሪሲድ የሚያደርግ ነገር ከደረሰበት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ብዙውን ጊዜም ቀስ በቀስ። የጎርፍ ውሃ ሲጎድል፣ ጸጉር ከግንባር ሲሸሽ፣ የጦርነት ስጋት ሲቀንስ የሚነገረው በዚህ ግሥ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ታይላንድን ከመምታቱ በፊት ባሕሩ ከዳርቻው መሸሹም ሪሲድ ነው።

ሲሲድ የሚያደርገው ግን አባል የሆነ አካል ብቻ ነው፤ ክልል፣ ግዛት ወይም ማኅበር ከነበረበት ኅብረት በይፋ ሲወጣ። ሳውዝ ካሮላይና ታኅሣሥ 20 ቀን 1860 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ኅብረት መገንጠሏን ያወጀችው በዚህ ቃል ይነገራል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 «እስከ መገንጠል» የሚለውም በእንግሊዝኛው ቅጂ የዚሁ ግሥ ስም፣ ሲሴሽን ነው። ስለዚህ ሲተረጉሙ መጀመሪያ ባለቤቱን ይመልከቱ፦ የአንድ ነገር አባል ነበር ወይ? ሁለቱም «ፍሮም» ስለሚያስከትሉ መስተዋድዱ አይረዳዎትም።

የአማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። «ተገነጠለ» በ«ተ» ስለሚጀምር ተገብሮ መስሎ «ዋዝ ሲሲዲድ» ተብሎ ይጻፋል። ሲሲድ ተሳቢ የማይወስድ ግሥ ስለሆነ ተገብሮ የለውም፤ «ሲሲዲድ» ብቻውን በቂ ነው። «አማፂያኑ ክልሉን ገነጠሉ» ለማለትም አይሆንም፤ እዚያ ሌላ ግሥ ይፈልጉ። ግዛትን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ደግሞ ሲድ ነው፤ እሱ ተሳቢ ይወስዳል።

በጆሮ ሲሰሙ ሲሴሽንን ከሰክሴሽን ይጠብቁ። በመሐሉ የ«ክ» ድምፅ ካለ ነገሩ መተካት፣ መውረስ ነው፤ በዓለም አቀፍ ሕግ ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚገናኙ ስሕተቱ ትርጉሙን ይገለብጠዋል። በአጻጻፍም ሪሲድ እና ሲሲድ የሚጨርሱት በሲ፣ ኢ፣ ዲ፣ ኢ ነው፤ ኢ ተደግሞ በዲ የሚጨርሱት ኤክሲድ፣ ፕሮሲድ እና ሰክሲድ ናቸው።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷን ሲጽፉ ከሁለቱም አንዱን አይጠቀሙ፤ የኅብረቱ ስምምነት አንቀጽ 50 የሚለው ዊዝድሮው ነው።