በጌም ሳጥን ላይ ያለው ቁጥር ማንን ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌም የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። 18 የተጻፈበትን ጌም ሳላውቅ ለልጅ ብሸጥ የሚጠየቀው ሱቁ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 30 ቀን 2012 ጀምሮ በብሪታንያ የፔጊ (በሳጥኑ ላይ የሚታተመው የአውሮፓ የጌም የዕድሜ ደረጃ) 12፣ 16 እና 18 የሕግ ኃይል አላቸው። 3 እና 7 ግን ለወላጅ የተሰጡ ምክሮች ናቸው፤ ስለዚህ 7 የሚል ጌም ለ6 ዓመት ልጅ ቢሸጡ ወንጀል የለበትም። ከዕድሜ በታች ለሆነ መሸጥ እስከ 6 ወር እስራት፣ የገንዘብ መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል።

መከላከያዎ መታወቂያ መጠየቅ ነው። ገዢው ዕድሜው ደርሷል ብለው ያመኑበትን በቂ ምክንያት ማሳየት ከቻሉ ሕጉ ያድንዎታል፤ «ትልቅ መሰለኝ» ማለት ብቻውን ግን አያዋጣም። ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ሁሉ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይጠይቁ። በስልክ የተነሣ የመታወቂያ ፎቶ አይቀበሉ። ሳይሸጡ የመለሱትን ሰው ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምረው መዝገብ ላይ ያስፍሩ። ተቆጣጣሪዎች ልጅ ልከው ሱቁን ሊፈትኑ ስለሚችሉ መዝገቡ ያን ቀን ዋጋ አለው።

እናት ገዝታ ለልጇ ብትሰጥስ? ያለ ክፍያና ያለ ንግድ የሚሰጥ ነገር ከክልከላው ውጭ ነው። ልጁ ብሩን አውጥቶ አጠገቡ ላለ ለማያውቀው ጎልማሳ ሲያቀብል ካዩ ግን ባይሸጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ሱቅ አይሄድም፤ ጌሙን በቀጥታ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ያወርዳል። ይህ ሕግ ይጠብቀዋል?

መልስ፦ አይጠብቀውም። ሕጉ የሚመለከተው በዲስክ የሚሸጠውን ነው። በማውረድ በኩል በረኛው አካውንቱ ላይ የተሞላው የትውልድ ዘመን ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገር የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፤ ልጁ (አንዳንዴም ለመገላገል ሲል አባትየው) 1990 ብሎ ይሞላና ማሽኑ ጎልማሳ ነው ብሎ ያምናል። የጎልማሳ አካውንት ላይ ደግሞ የወላጅ ቁጥጥር አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ በራስዎ አካውንት ይግቡ፤ ከዚያ በቤተሰብ አስተዳደር ስር ለልጁ በትክክለኛ የትውልድ ቀኑ አዲስ አካውንት ይክፈቱለት። በአሮጌው የተገዙት ጌሞች ከአሮጌው ጋር ስለሚቀሩ ለቅሶ ይጠብቁ።

ከዚያ ወደ ልጁ ስም ገብተው የጌም የዕድሜ ገደብ ያስቀምጡ። ገደቡ ከጓደኛ የተዋሰውን ዲስክም ያግዳል። የወጪ ጣሪያውን 0 ላይ ይተዉት። አንድ ጌም ብቻ መፍቀድ ከፈለጉ ልጁ ከማሽኑ ጥያቄ ይልክልዎታል፤ ለዚያ ጌም ለብቻው ይፈቅዳሉ።

ብዙ ሰው የሚረሳቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው፣ ልጁ በዚያው ማሽን ላይ ሌላ ተጠቃሚ መክፈት ወይም በእንግድነት መግባት ይችላል፤ በማሽኑ ገደቦች ክፍል ይህን ይዝጉ። ለዚህ የሚጠየቀው የምስጢር ቁጥር ከፋብሪካው ሲወጣ 0000 ነው፤ ካልቀየሩት መቆለፊያው ከነቁልፉ በር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሁለተኛው የእርስዎ የራስዎ አካውንት ነው፤ ካርድዎ ተመዝግቦበት ያለ ምስጢር ቁጥር የሚከፈት ከሆነ ልጁ በእርስዎ ስም ገብቶ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ያየሁት የእግር ኳስ ጌም 12 ይላል፤ ለንደን ያለችው እህቴ የገዛችው ያው ጌም 3 ይላል። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚመዝኑት ነገር ነው የተለያየው። ለምሳሌ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 በፔጊ 3፣ በጀርመኑ የዕድሜ ደረጃ በዩኤስኬ ግን 12 ተብሏል። ኳሱ ማንንም አይጎዳም። ጀርመኖች ግን ከ2023 ጀምሮ በጌሙ ውስጥ ያለውን የግዢ ግፊትና ውስጡ ሳይታወቅ የሚገዛውን የተጫዋች ፓኬት ጭምር ይመዝናሉ። በእኔ ግምት በዚህ ነገር የጀርመኑ ቁጥር ለወላጅ የበለጠ ይነግራል። ለንደን ላይ ያንኑ ለማወቅ ከቁጥሩ ጎን ያለውን የጌም ውስጥ ግዢ ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል።

የጀርመኑ ደረጃ ከ2003 ጀምሮ ሻጭን ያስገድዳል፤ መቀጮው እስከ 50,000 ዩሮ ይደርሳል። ቀለሞቹን መያዝ ይቀላል፦ ነጭ 0፣ ቢጫ 6፣ አረንጓዴ 12፣ ሰማያዊ 16፣ ቀይ 18። ምልክት የሌለውን ጌም የጀርመን ሱቅ እንደ 18 ነው የሚቆጥረው፤ እህትዎ ከለንደን የምትልክልዎትን ቤት ውስጥ መጫወት ግን ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ለ14 ዓመት ልጄ ኤም የሚል ጌም ሸጡለት። ፖሊስ ጋ ልሂድ?

መልስ፦ አይሂዱ፤ የተጣሰ ሕግ የለም። ኤም ማለት ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ማለት ቢሆንም ደረጃውን የሚሰጠው ኢኤስአርቢ የኢንዱስትሪው የራሱ ተቋም ነው። ካሊፎርኒያ በ2005 ኃይለኛ ጌም ለልጅ የሚሸጥን እስከ 1,000 ዶላር የሚቀጣ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 27 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) በ7 ለ2 ድምፅ የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ብዙ ትልልቅ ሱቆች ግን መታወቂያ የመጠየቅ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው ደረሰኙን ይዘው ሥራ አስኪያጁን ያነጋግሩ።