«የዋለ» እና «የሚውል» አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ። ከአከፋፋይ የመጣልኝ ደብተር ጀርባው ላይ «ዳግም ጥቅም ላይ የሚውል ወረቀት፤ ለአካባቢ ተስማሚ» ይላል። ደንበኞች «ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ነው?» ሲሉኝ አዎ እላለሁ። ልጄ ግን «ጽሑፉ እንዲህ አይልም» ብላ ተከራከረችኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። ጽሑፉ ደብተሩ ከምን እንደተሠራ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ደንበኞችዎ የሚጠይቁትን ለማለት «የዋለ» መባል ነበረበት። «የዋለ» በ«የ» የታሰረ ኀላፊ አንቀጽ፣ ማለትም ያለፈ ድርጊት ነው፤ ጽሑፉ ላይ ያለው «የሚውል» ግን ትንቢት አንቀጽ፣ ማለትም ገና ያልተፈጸመ ነው። የአማርኛ ትንቢት ደግሞ ልማድንም፣ ገና የሚሆነውንም፣ ሊሆን የሚችለውንም ባንድ መልክ ይናገራል። «የሚታጠብ ልብስ» ሲባል እጥበት የሚጠብቀውም ነው፣ ቢታጠብ የማይበላሸውም ነው። «የሚጠጣ ውሃ» ገና ማንም አልጠጣውም። የደብተርዎ ጽሑፍ ሲፈታ እንግዲህ «ይህ ወረቀት ነገ ተሰብስቦ ሌላ ወረቀት ሊሆን ይችላል» ነው። ይህን ስለ ማንኛውም ንጹሕና ደረቅ ወረቀት መናገር ይቻላል፤ አሁን ከተቆረጠ ዛፍ ስለመጣውም ጭምር።

«አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ በአንድ ቅጥያ መጨቃጨቅ ምን ይረባል» የሚሉ አሉ። የደብተር ጀርባ ምን ዐውድ አለው? አረንጓዴ ቅጠል፣ እርስ በርስ የሚከታተሉ ሦስት ቀስቶች፣ በቃ። ቀስቶቹም ያንኑ ብዥታ ተሸክመዋል። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1970 የነደፈው ጋሪ አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ነው። አይኤስኦ 14021 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚለው፣ ከቀስቶቹ ጋር በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር ካለ ያን ያህሉ ከአሮጌ ነገር መጥቷል ማለት ነው፤ ባዶውን ከሆነ ግን «መልሶ ማምረት ይቻላል» ከማለት አያልፍም። በቅጥያውም በሥዕሉም የተስፋ ቃል እንደ ተፈጸመ ሥራ ይሸጣል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ለማሳሳቻው መሣሪያ የሆነው የገዛ ሰዋስዋችን መሆኑ ነው።

«ጥቅም ላይ ዋለ» ራሱ የባዕድ ግልባጭ ነው ብለው የሚነቅፉም አሉ። አልቀበላቸውም። ግንዱ የግእዙ «ውዕለ» ነው፤ ቀኑን አሳለፈ ማለት ነው፤ «ዕለት»ም «መዓልት»ም ከዚያው የበቀሉ ናቸው። «ገበያ ዋለ፣ ለቅሶ ዋለ፣ ሥራ ላይ ዋለ» ስንል ቃሉ ከጊዜ ወደ ቦታ፣ ከቦታም ወደ ተግባር ተሻገረ። በ«ዋለ» ውስጥ ያለቀ ቀን አለ። ያልዋለውን የዋለ ማስመሰል ለዚህ ነው የሚከብደኝ።

በጥብቅ ካየነው «ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ ወረቀት» በቀፊራ ገበያ የባቢሌ ኦቾሎኒ የሚጠቀለልበት ነው፤ የልጅ የሒሳብ ልምምድ ከነመምህሩ ቀይ ማረሚያ የሚታይበት የደብተር ቅጠል። ወረቀቱ መልኩን ሳይለውጥ ሁለተኛ አገለገለ። ተዘፍዝፎ፣ ቀለሙ ለቅቆ፣ ቃጫው እንደ አዲስ የተነጠፈው ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ሂደት ቃጫው በየዙሩ ስለሚያጥር አዲስ ቃጫ ይጨመርበታል። ለዚህኛው «ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ» ማለትን እመርጣለሁ። «ከ» መነሻውን ታሳያለች። ሕዝቡ ግን ለሁለቱም «ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ መመለሻ ያለው አይመስለኝም።

«መቶ በመቶ» ካዩም ከየት የመጣ መቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ፋብሪካው የራሱን ቁርጥራጭ እዚያው ገንዳ ውስጥ ቢመልሰው ያው አይኤስኦ 14021 እንደ አሮጌ ወረቀት አይቆጥርለትም።

«ለአካባቢ ተስማሚ»ን ቢሰርዙልኝ ደስ ይለኛል። «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ ነው፤ ሁለት ወገኖች ሲሰማሙ ነው የሚስማሙት። ወረቀቱ የተስማማው ከማን ጋር ነው? ከወንዙ፣ ከደኑ፣ ወይስ ወረቀቱ የሚነጣበትን ኬሚካል ከሚያሸተው የሠፈር ሰው? ደረጃውም እንዲህ ያለውን ልቅ አነጋገር አይፈቅድም።

ለደንበኛዎ «ከአሮጌ ወረቀት መሠራቱን ጽሑፉ አይናገርም» ይበሉ። አከፋፋዩ እውነት ከአሮጌ የሠራ ከሆነ «ይህን ያህል በመቶው ሰው ተጠቅሞ ከጣለው ወረቀት የተሠራ» ብሎ በቁጥር ይጻፍ። «ሪሳይክል የተደረገ» ቢልዎትስ? ቃሉን አልወደውም፤ ለጆሮዬም ይሻክራል። ነገር ግን «የተደረገ» ይላልና፣ ከ«የሚውል» ይልቅ እሱን ተቀበሉት።